ታኮ

ከደብረ ሲና ሽቅብ፣ ጉም መንገዱን ሲበላ፣
የአይሱዙው ጎማ ወደ ኋላ ሲያዳላ፣
ጋሽ ወንድይፍራው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
«ታኮ! የኋላ ቀኝ!» ይላል ተቆጥቶ።
ሁለት ነገር ብቻ፤ ምን እንደምሠራ፣ የት እንደምሠራው፤
ዘልዬ ወርጄ ድንጋዩን ከጎማው ሥር የምሰካው
እኔ ነኝ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ሞተር የጠየቀኝ የለም፤
ታኮ ሲሉኝ ታኮ ነው፤ ሌላውን አላልም።

ዛሬ ጠባሴ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
ጉልበቴን በፋብሪካው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስቀመጥ
ውጭው ውርጭ ነው፤ ቧንቧው አፉን ዘግቷል፤
ጣቴ ደንዝዞ «ሀ»ን «ሐ» ብሎ መትቷል።
ጥቅል እሠራለሁ።
እናቴ ሰምታ፣ «ጥቅል? ጎመኑን?» አለች።
«አይ እማ፣ ፕሮግራም ነው፤ ሌላ ሰው ሲያወርደው
ከነጓዙ፣ ከነትብትቡ አብሮ የሚወርደው።»
«ኪሎውን በስንት ትሸጠዋለህ?»
«በነፃ ነው» ስላት
ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘም አለ።

ያን ሌሊት የያዝኳት ግን ሦስት መስመር ነበረች፤
«ዛሬ በኛ ስንት ነው?» ሲሏት ቀኑን የምትነግር፣ በቃ።
ደንቡ ግን ለሷም ሙሉ ሥርዓቱን ጠየቀ፦
ምንጩን አውርድ፣ ፍታው፣ ጠግነው፣ አዋቅረው፣
አጠናቅረው፣ ፈትሸው፣ ከቦታው አኑረው።
ለአንዲት ራስ ሽንኩርት አገር ደቦ ወጥቶ፣
በሬ ተጠምዶላት፣ ድንኳን ተዘርግቶ!

ያኔ ነው ያገኘኋቸው፣ ከመመሪያው ግርጌ፣
ዓይን ከደከመው በኋላ ከሚደርስበት ገጽ።
አንዱ «ስምና ጽሑፍ ስጠኝ» ይላል፤
ሰጥተኸው ዞር ሳትል ፋይል አድርጎ አስቀምጦታል።
ወንድሙም ያው ነው፤ ብቻ የጻፍከውን
«ተነሥ፣ ሩጥ» ይለዋል፤ ይሮጣል።
ሌላው አንዲት ትዕዛዝ ተቀብሎ በሩን ይዘጋል፤
ኔትወርክ አያይም፣ ሰዓት አይጠይቅም፤
ያው እህል ከገባ ያው ዱቄት ይወጣል፣
ሞላሌ ቢፈጭም፣ ሸዋ ሮቢት ቢፈጭም።
አንዱ ደግሞ እንደ መንዝ ሽማግሌ ነው፤
በአምስት ቤት የተበተነውን ንብረት
ሳያነሣ፣ ሳይሸከም፣ በጣቱ እየጠቆመ
«ያ እዚያ አለ፣ ይህም እዚያ አለ» ይልና
አንድ ጎተራ ያስመስለዋል።

ስማቸውን «ረዳት» ብዬ ተረጎምኩት።
ቃሉን ስጽፈው ያ ጉም ጀርባዬን አረጠበው።

አንድ ሌሊት ታኮዬ ጥሎን ነበር።
ስልሳ ኩንታል ገብስ ጭነናል፤ ዝናብ ነው፤
ከድንጋይ ሁሉ ትልቁን መርጬ፣ አቅፌ አምጥቼ ሰካሁ፤
ተንከባለለ።
መኪናው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ገደሉ ሄዶ፣
በምን እንደቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ጋሽ ወንድይፍራው ወርዶ ድንጋዩን በእግሩ ነካው።
«ትልቅ መች አልኩህ?» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ፤
«ጠርዝ ያለው ነው ያልኩህ።»

መብራት ሄደ። ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት።
ያን ሁሉ ደቦ በተንኩት፤ ድንኳኑን ነቀልኩ፤
ረዳቱን ጠርቼ ስም ሰጠሁት፣ ሦስቱን መስመር ሰጠሁት፤
ጥቅሏ ከመጠቅለሏ ባትሪው ጠፋ።
በማግሥቱ ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣
«ይህችማ ምኗ ጥቅል ነው?» ብሎ ጻፈ።
መልስ አልጻፍኩም። ጠርዟን ያየ ሌላ ሰው አሳለፋት።

ትናንት ጋሽ ወንድይፍራው ደወለልኝ፤
መንዳት ትቷል፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል።
«አሁን በምን ትተዳደራለህ?»
«ረዳት ነኝ» አልኩት።
ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ቀደመው።
«አሁንም? የማን ረዳት?»
እሱን እንኳ አላውቅም ጋሼ፤
ከየት አገር እንደሚጠሩኝ፣
የትኛው ዳገት ላይ እንደቆሙ።